ዜና ትሕትና፦ የአቶ ቢሻው በሬ በአሮጌ ስልኮች ላይ ቀልቶ የታየበት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አቅናዒተ ገጽ፣ ፈታሒተ ስሕተት፣ ወለተ መሪጌታ ሉቃስ፣ ትሕትና ዘወረታ ላፕቶፕ በያዘች በሦስተኛው ዓመት፣ ከፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ ሩዙ በሚታጨድበት በወርኀ ኅዳር፣ ይህ ሆነ። እኔ፣ በእውቀቱ የተባልሁ የሰበካው ጸሐፊ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትንም አሳምሬ እጽፋለሁ።

ትሕትናም ለደብራችን፣ ከቁሐር ሚካኤል ወዲህ ላለውና ስሙን እንዳልጠራ ሽማግሌዎች ላስማሉኝ ለዚያ ደብር፣ የኢንተርኔት ገጽ አነጸች፤ ከላይ የንግሡን ሥርዓት፣ ከታች የምእመናኑን ማስታወቂያ የሚይዝ። የቅኔ መምህር የሆኑት አባቷ መሪጌታ ሉቃስ አንድ ነገር ብቻ አዘዟት፤ በብራና እንደሚደረገው ሁሉ የመልአኩ የሚካኤል ስም በቀይ ይጻፍ፣ የቀረው ጥቁር ይሁን። እርሷም የገጽን ቀለምና መልክ በሚገዛው፣ ባለሙያዎች ሲኤስኤስ በሚሉት ሕግ እንዲህ ስትል ደነገገች፤ ጎላ ብሎ የተጻፈ ስም ሁሉ ቀይ ይሁን፤ በማስታወቂያው ክፍል ያለው ግን ጥቁር ይሁን። ጥቁሩንም ተራ ጥቁር ይበቃል ሳትል፣ በቅርቡ በወጣው የቀለም አጠራር ጠራችው። በላፕቶፗም ሚካኤል ቀይ፣ የቀረው ጥቁር ሆኖ ታየ፤ ደስታም ሆነ።

ወእምድኅረዝ ቄሰ ገበዝ አያልነህ፣ ባለ ካባው፣ ባለ መቋሚያው፣ ገጹን በስልካቸው ከፈቱ። የስልካቸው ብራውዘር፣ ገጽ የሚከፍተው ማለት ነው፣ የዱሮ ነበር። ብራውዘር ደግሞ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው አያጉረመርምም፣ ማንንም አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። አዲሱን ጥቁር አላወቀውምና አለፈው፤ የሚሠራውም የፊተኛው ሕግ ብቻ ሆነ። ስለዚህ አቶ ቢሻው የተባሉት ገበሬ «በሬዬ ተሰርቆብኛል» ብለው ባወጡት ማስታወቂያ ውስጥ፣ ቦራ የተባለው በሬ ስም ልክ እንደ መልአኩ በቀይ ታየ። ቄሰ ገበዙም አማተቡ።

ትሕትናም ይህን በሰማች ጊዜ የመጀመሪያ አዋጇን አስነገረች፦ «በኔ ላፕቶፕ ደኅና ነው። ችግሩ ከስልካችሁ ነውና ብራውዘራችሁን አድሱ!» ይህን ማለቷን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን አለችው።

ቄሰ ገበዙም ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙ! አድሱ ብትለን ስልኩ ቦታ የለኝም ይላል። ቦታውን የያዘው የሟቹ የየኔታ ደረሰ ማኅሌት ነው። በሬ ላጥቁር ብዬ ያነን የመሰለ ድምጥ ላጥፋው? አላጠፋም! እስከ ሚካኤል ዋዜማ በሬው ካልጠቆረ ገጹ ለባሕር ዳር ባለሙያ ይሰጣል፤ ልጅቱም ይፋግ ወርዳ ካክስቷ ሱቅ ጨው ትሽጥ!» በዚያች ሰዓት መሪጌታ ሉቃስ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ በጉባኤው ፊት ለልጃቸው ዋስ የሆኑት እርሳቸው ነበሩና። ትሕትናም ከዚህ ሥራ ሌላ የምትወደው ሥራ አልነበራትም። አንጀቴን በላችው።

ያን ጊዜ ክተት አወጀች፦ «አሮጌ ስልክ ያላችሁ ሁሉ ወደ ሰበካው አዳራሽ ክተቱ! ቻርጀር ያለው ቻርጀሩን ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ጎረቤቱን ይለምን!» ሠራዊቱም መጣ። ከአውድማ የመጣ፣ ቀዳዳው ሁሉ የሩዝ ገለባ የጎረሰ ስልክ፤ ወገቡ በላስቲክ የታሰረ ስልክ፤ በጥፊ ካልተመታ የማይነቃው የእማሆይ መባ ስልክ፤ ባትሪው አብጦ ጀርባውን የገፋው፣ የትም ብሄድ የማልለየው የኔው ስልክ፤ እኒህ ሁሉ በሰሌን ላይ ተሰልፈው ትእዛዝ ጠበቁ። እርሷም ገጠመች። አንዱን ስታቀና ሌላው ተንጋደደ፤ ባንዱ ስልክ ፊደሉ አብጦ ከመስኮቱ ወጣ፤ በኔው ደግሞ ሚካኤል ከበሬው በታች ወረደ። በሬው ግን በሁሉም ላይ ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ እርሷም ተሸነፈች፣ ደጅ ወጥታም አለቀሰች።

በእሑድ ቅዳሴ ካህኑ ወንጌሉን አስቀድመው በግእዝ አነበቡ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጣቶቹ ቆመው ጠበቁ። ቀጥለው ያንኑ በአማርኛ አነበቡ፤ ወጣቶቹም ሰሙ፤ ማንም ሳይሰማ የቀረ አልነበረም። ትሕትና ቀና አለች። እትዉ በሰላም ተብለን እስክንሰናበት መታገሥዋን እመሰክራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጠላዋን ሳታስተካክል ሮጠች።

ቤቷም ገብታ አስቀድማ በዱሮው አጠራር ተራውን ጥቁር ጻፈች፤ አዲሱን ጥቁር ከሥሩ አስከተለች። አሮጌዎቹ ብራውዘሮች የፊተኛውን ተቀብለው የማያውቁትን የኋለኛውን አለፉት፤ አዲሶቹ ሁለቱንም ሰምተው የኋለኛውን ያዙ። ስልኮቹም እንደገና በአዳራሹ ሰሌን ላይ ተሰለፉ፤ በሬው በየተራ ጠቆረ፤ እማሆይ መባ እልል አሉ። ቄሰ ገበዙ ከፍተው አዩ፤ ጥቁር ነው። ዘግተው ደግሞ ከፈቱ፤ ያው ጥቁር ነው።

በዋዜማው ዕለት ግን ሁለት ሰዎች ቦራን ከነገመዱ እየጎተቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር መጡ፤ ጧፍም ይዘው ነበር። የሰረቁት እነርሱ ናቸው። ገጹን ገና ሳይታረም ባሮጌ ስልካቸው ከፍተው፣ የበሬው ስም በቀይ መጻፉን አይተው፣ ለመልአኩ በስለት የተሰጠ በሬ መስሏቸው በድንጋጤ እህል አልቀመሱም ነበር። አቶ ቢሻውም በሬያቸውን አንገቱን አቅፈው አወጁ፦ «ምነው አጠቆራችሁብኝ! ቀዩ ይመለስልኝ! ላሜም ጊደሬም በቀይ ይጻፉልኝ!» ይህን የሰማ ባለከብት ሁሉ ትሕትናን ከበባት፤ ቄሰ ገበዙም ስለ በቅሏቸው ቀስ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እሺ ብትል አገሩ ሁሉ በትከሻው በተሸከማት ነበር። እርሷ ግን በበሩ ድንጋይ ላይ ወጥታ አወጀች፦ «ቀዩ የሚካኤል ነው። ባዲስም ሆነ ባሮጌ ስልክ፣ በሬም በቅሎም ጥቁር ነው። ሌባ የፈራችሁ በረታችሁን አጥብቁ!»

ያን ጊዜ መሪጌታ ሉቃስ ተነሥተው አወጁ፦ «ስሙኝ። ለተማሪዎቼ ቅኔ ስነግር ይች ልጅ ከጓዳ ሁና ትሰማኝ ኑራለች። እኔ አላስተማርኋትም፤ አልጠራኋትም። ከዛሬ ወዲያ ጉባኤዬ ውስጥ ተቀምጣ ትስማ። ገጹም የሷ ነው፤ ጨው የሚሸጥ ሌላ ይፈለግ!» ጉባኤውም ይሁን አለ፤ ትሕትናም ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች።

እነሆ ትሕትና፣ አዲሱን ሳትተው አሮጌውን ያልናቀች፣ የላስቲክ እስሩን ስልክ ከባለጸጋው ስልክ እኩል ያስከበረች፣ ወደ ገዛ አባቷ ጉባኤ የተጠራች! ገጿ በሰባራ መስተዋት ላይ እንኳ ቀጥ ብሎ ይታይ፣ ሕጓም በፎገራ ሜዳ ሁሉ ይጽና፣ ለዓለመ ዓለም፤ ያ ባይሆን እንኳ የሚመጣው ብራውዘር እስኪወጣ ድረስ።