በር የሌላት መንኮራኩር

ኮምፒውተር ሰውን ያሰንፋል የምትሉ ሁሉ ተሳስታችኋል። ኮምፒውተር ሰነፉን ያጋልጠዋል እንጂ አያሰንፈውም። ማስረጃው እኔው ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ የላሊበላው ልጅ፣ መሥሪያ ቤቴ ምን እንደታየው እንጃ፣ አዲስ አበባ ለኮምፒውተር ሥልጠና ላከኝ። ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ሙሉ ነው። የሚታዘዘው በተበሳሱ ካርዶች ሲሆን፣ አንዱ ካርድ አንድ መስመር ያሳትማል። ለመጨረሻው ልምምድ ለእያንዳንዳችን ስልሳ ስልሳ ካርድ ተሰጠን። ጓደኞቼ እንደ ጨዋ ሰው የሠራተኞች ስም ዝርዝር አዘጋጁ። እኔስ? ወደ ማርስ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚያወሩ አሮጌ ልብወለዶች አናቴን አዙረውት ነበርና፣ በፊደልና በኮከብ ምልክት መንኮራኩር ልሥል ተነሣሁ።

ልንገራችሁ፣ ቆንጆ ነበረች። ሰማዩ ላይ ብቻ ሃያ ካርድ አፈሰስሁ። ጫፏን አሾልሁ፣ መስኮቶቿን ደረደርሁ...

አገሬ ስገባ ወረቀቷን ጠቅልዬ፣ የመምሬ ደሴን ልጅ አስካለን እንዲጠይቁልኝ ለላክኋቸው ሽማግሌዎች አስያዝኋቸው። ሙያዬን ያሳዩልኛ! አስካለን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ፤ ብከለከል ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

“ምን አሉ?”

“የሠራት ራሱ መጥቶ ያስረዳ ብለዋል።”

ሽማግሌ ልኮ ለምርመራ የተጠራ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ ንገሩኝ፤ እንጽናናለን።

ስደርስ መምሬ ወረቀቷን መደብ ላይ ዘርግተዋታል። አስካለ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

“ምንድን ናት ልጄ?”

“ሰው ወደ ሌላ ዓለም የሚሄድባት ናት፣ አባ። ኮምፒውተሩ ነው ያወጣት፤ ከአናቷ ጀምሮ ቁልቁል፣ መስመር በመስመር።”

“ከላይ ወደ ታች?” ፊታቸው በራ። “እንደኛ የአለት ቤተ ክርስቲያን በለኛ።”

ልጅቱ የኔ ሆነች አልሁ።

“በሯ የታል?”

ወረቀቷ ላይ አጎነበስሁ።

“እግሯስ? በምን ትቆማለች?”

“ካርዱ... ካርዱ አለቀብኝ፣ አባ። ሰማዩ ላይ አበዛሁት።”

መምሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “ምነው፣ እዚህ ተወልደህ? ከጣሪያ የሚጀምር ሰው እኮ እታች ያለውን አለት አስቀድሞ ይለካል። ያኔስ ንጉሡን መላእክት አግዘውታል፤ አንተን ማን ያግዝሃል? እንግዲህ ልጄን እዚህ ውስጥ ባስገባት፣ በየት ትወጣለች?”

ከአለቱ ሥር ያደግሁ ሰው፣ ይህን ሳላስብ ኮከብ ስረጭ መዋሌ አንገበገበኝ። ተሰናብቼ ልወጣ ብድግ ስል፣ በወጉ ዝም ማለት የነበረባት አስካለ ከጓዳው በር ተናገረች።

“አባዬ፣ በር ባይኖራት ይሻለኛል።”

“እንዴት ያለ ነገር ነው?”

“እሱም በየት ወጥቶ ያመልጠኛል?”

መምሬ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔ? ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልወጣሁም።