ለስላሳዋ ትምባሆዬና ማኅበርተኞቼ

ኃጢአት ሁሉ ሽታ ቢኖረው ኖሮ ብቸና ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም ነበር። ሐሜት አይሸትም። ምቀኝነት አይሸትም። የጎረቤትን ድንበር በየክረምቱ አንድ አንድ ፈር እየገፉ ማረስማ እንኳን ሊሸት፣ አዲስ የተገለበጠ አፈር እንዲያውም መልካም መዓዛ አለው። አረቄ መቼም ይሸታል፤ ግን ሁሉም ስለሚጠጣው አፍንጫችን ለምዶት እንደሌለ ይቆጥረዋል። የቀረው ምንድን ነው? ትምባሆ። ያገሬ ሰው ጽድቁን ሁሉ ሰብስቦ ያስቀመጠው እዚህች ቅጠል ላይ ነው። ትምባሆ እስካላጨሰ ድረስ ሌላ ሌላውን ምንም ቢያደርግ ወደ ገነት የሚወስደውን መንገድ አጋምሶታል። እኔ ደግሞ፣ ለእናንተ ምን እዋሻለሁ፣ አጨሳለሁ። አጨስ ነበር ልበል እንጂ።

የማጨሰውም እንደ ሰው ሲጋራ አይደለም፤ ፒፓ ነው። በጎልማሳነቴ የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። በየጁቤ በኩል ስንሠራ አለቃችን የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወዳገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሁሉ ለሠራተኛው አከፋፈለ። አንዱ ኮት ደረሰው፣ አንዱ ቦት ጫማ ደረሰው፣ ለእኔ ይቺ ፒፓ ደረሰችኝ። ኮቱም ጫማውም ካለቁ ስንት ዘመናቸው! ፒፓዋ ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ አብራኝ ነበረች። አፏ ላይ የፈረንጁም የእኔም ጥርስ ምልክት አለ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ትምባሆው የሚመጣልኝ ከሞጣ ነው። ሰይድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ አለኝ፤ ከዚያው ከመንገድ ሥራው ዘመን ጀምሮ ወዳጅ ነን። የእህቱ ልጅ ዓረብ አገር ስለሚሠራ በመጣ ቁጥር አንድ ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል። ሰይድ ራሱ አያጨስም፤ ትምባሆ በሃይማኖቱም የተጠላ ነው። ቆርቆሮውን የሚያቀብለኝ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ይዞ ነው። «እኔን እንኳ ያስነጥሰኛል፤ ለአንተ ስል ነው የምሸከመው» ይለኛል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ካላችሁ አትጣሉት።

ከቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቨርጂኒያና በርሊ የሚባሉ የሁለት ቅጠሎች ድብልቅ ነው፤ ለስላሳ የሚባለው ዓይነት። ክዳኑን ስትከፍቱት ቨርጂኒያው ይቀድማል። ጤፍ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ አውድማው ላይ የቀረው ጭድ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተውን ሽታ ታውቁ የለ? እሱ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የማር ነገር ተጨምሮበት። በርሊው ደረቅ ነው፤ ትኩስ የሽንብራ ቆሎ ዓይነት። መጀመሪያ ስትስቡት «እና ምን አለው?» ትላላችሁ። ቀጥሎ ጭዱ ይመጣል። ፒፓው ወደ ግማሹ ሲደርስ ሽንብራው ይመጣል። ካልተጣደፋችሁ ምላስ አይቆነጥጥም፤ ከተጣደፋችሁ ግን ቨርጂኒያው ይነክሳል። ከሥር ያለው የመጨረሻው ቅምሻ መራራ ነው፤ ይህንን ፈረንጁም አልደበቀኝም። ለጤና ይጠቅማል ያልኩ እንዳይመስላችሁ። የጤና ጣቢያው ልጆች ደረቴን እያዳመጡ ራሳቸውን ሲነቀንቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ብርቄ በተጋባን ሰሞን ከነፒፓዬ ወደ አጥር ሥር ነበር የምታባርረኝ። እየቆየች እስከ በረንዳው ድረስ ፈቀደችልኝ። በመጨረሻማ እሷው ራሷ ፍሙን ከምድጃ በጉጠት ይዛ እየመጣች ትለኩስልኝ ጀመር። ከጎኔ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ጥጧን ትፈትላለች። ቶሎ ቶሎ ስስብ ካየችኝ እንዝርቷን አቁማ «ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?» ትለኝ ነበር። አንድም ቀን ስባው አታውቅም። ሽታውን ግን ወደደችው። «ቤታችን መከር መከር ይላል» ትል ነበር። ዓምና ሞተችብኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሙን የማመጣው እኔው ነኝ፤ ሁለት ጊዜ በረንዳው ላይ ጥዬ ሲሚንቶውን አጥቁሬዋለሁ። ፒፓዋን ስለኩስ ግን ብርቄ ወደ ጓዳ ገብታ ልትመለስ ያለች ይመስለኛል። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ መንገሬ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በወር በወር እየዞርን የምንደግስበት የጽዋ ማኅበር አለን። ሙሴው፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ አቶ ጥሩነህ ይባላል፤ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ብርቄ በሕይወት እያለች የእኔ ፒፓ ማንንም ሸትቶት አያውቅም። ተራችን ሲደርስ የእሷን ጠላ ለመጠጣት ከነልጃቸው ይመጡ ነበር፤ ቤቱ በጭስ ቢታፈን እንኳ «ምን ዓይነት የተባረከ ቤት ነው!» እያሉ ይጠጣሉ። እሷ ሞተች፣ ጠላው ቀጠነ፣ ጭሱ ሸተተ። እንዲህ ነው ነገሩ።

ይባስ ብሎ ደግሞ ፒፓዬን ያልቀመሰ የለም! አቶ ጥሩነህ ራሱ በጓሮ በር መጥቶ «አያ መላኩ፣ ይቺ ጥርሴ ገደለችኝ፤ ጭስ ያደነዝዛታል ይላሉ» ብሎኛል። ሰጠሁት። አሳለው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ድጋሚ ሳበ። «ለስላሳ ናት» አለኝ። ጥርሱ በየሳምንቱ ይታመም ጀመር። እህል ነጋዴው አለልኝ ደግሞ ብርድ መታኝ ብሎ መጣ፤ ብርዱ በበጋም አልለቀቀውም። ሌሎቹንም ልጠራላችሁ እችል ነበር፤ ግን ምን ያደርጋል? ሁሉም ለመድኃኒት ነው የመጡት። ለደስታው የማጨሰው እኔ ብቻ ነኝ።

የዚያን ወር ተረኛ አለልኝ ነበር። በልተን፣ ጽዋው ዞሮ፣ ልንነሳ ስንል አቶ ጥሩነህ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወንድሞቼ፣ ጠልቼው አይደለም» አለ። «አያ መላኩ ወንድማችን ነው። ነገር ግን በትምባሆ አፍ የተነካ ጽዋ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እስከ መቼ ዝም እንላለን?»

«እውነት ነው!» አለ አለልኝ። ትናንትና ብርድ መትቶት በረንዳዬ ላይ የነበረው አለልኝ!

የማኅበሩን ቄስ አየኋቸው። ዳዊታቸውን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ፤ ፊት ለመሸሸግ ዳዊት ጥሩ ነው። ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ወይ ፒፓውን በማኅበሩ ፊት አቃጥላለሁ፣ ወይ ከጽዋው እወጣለሁ። ከጽዋው የወጣ ሰው ድግሱ አይረገጥም፣ እህሉም አይቀመስም። የብርቄ ሙት ዓመት ደግሞ ደርሷል። ይህን ቀን ጠብቀው እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ አቶ ጥሩነህ መጨረሻ ላይ ዓይኑን ገልጦ «ለሟቿም ነፍስ ስንል ነው» አለኝ።

ሙት ዓመት ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ያልመጣበት ሙት ዓመት የሟቹ ውርደት ነው። ስንቱን ስታበላ የኖረች ሴት ዳሷ ባዶ ሊውል ነው። «ጥርስህስ? ብርድህስ?» ብዬ አንድ በአንድ ላፋጥጣቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገር ግን አንዳቸውም ደጄን አይረግጡም። ዋጥኩት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ወረድኩ። በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አድርገን ያ መንገድ ሲያንገጫግጨኝ እነሱን ስሰድብ ነው የደረስኩት፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሾፌሩን የምሰድብ መስሏት ደጋግማ አገዘችኝ። ሰይድ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነበር። መቀሱን አስቀምጦ ሁሉንም ሰማኝ።

«እምቢ ብልስ?» አልኩት። «ድግሱን ለነዳያን አብልቼ እነሱን ብተዋቸውስ?»

«ለነዳያንማ መስጠቱ ጥሩ ነው» አለ ሰይድ። «ግን ብርቄ ብትጠየቅ ማንን ጥራ የምትልህ ይመስልሃል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እነዚህኑ አስመሳዮች ነው የምትለው። ስማቸውን እየጠራች፣ የማን ሚስት አራስ እንደሆነች፣ የማን ሆድ በርበሬ እንደማይችል እየነገረችኝ።

«ፒፓ ይገኛል፤ ቢጠፋ እንኳ እኔ አስፈልግልሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ በሚሸጠው ጨርቅ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ፍሙን በጉጠት ይዛ ስትመጣ ታየኛለች እኮ።» ሽታው የሚያስነጥሰው ሰይድ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለኝ። የኔዎቹ ግን ስለ ነፍሷ ይነግሩኛል።

የሙት ዓመቷ ቀን ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ሁለት እሳት ነደደ። አንዱ ለክርስቲያኑ ድግስ፣ ትልቁ የወጥ ጎላ የተጣደበት ነው። ሌላው ጥግ ላይ ያለው የሰይድ ነው፤ በጉን ራሱ አምጥቶ፣ ራሱ አርዶ፣ ከሞጣ አብረውት ለመጡት ሰዎች ለብቻ ያሠራው። አቶ ጥሩነህ ማኅበርተኞቹን አስከትሎ ገባና «በል እንግዲህ፣ ከቁርሱ በፊት ነገሩን እንጨርስ» አለኝ፤ ችኮላው ከጎላው በሚወጣው ሽታ ይመስለኛል። ፒፓዬን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ። ትልቁን እሳት አሳየኝ። ጎንበስ ብዬ ከጎላው ሥር፣ ከፍሙ መሐል ከተትኳት።

የቆየ እንጨት ነውና ቶሎ አልተያያዘችም። ዝም ብላ ጠቆረች፣ ከዚያ አንዱ ጎኗ ቀላ፣ ከዚያ ጭሱ ወጣ። የስንት ዓመት ቨርጂኒያና በርሊ የጠጣች ፒፓ ናት። ግቢው በአንድ ጊዜ ጭድ ጭድ፣ ማር ማር፣ ቆሎ ቆሎ አለ። መከር መከር አለ። ከወጥ ሠሪዎቹ አንዷ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ «እሰይ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ስትል ሰማኋት። በረንዳው ላይ የብርቄ በርጩማ ባዶውን ቆሟል። ጭሱ ዓይኔ ገባ ብዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ጭሱ አይደለም፣ አለቀስኩ። አቶ ጥሩነህ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «ንስሐ እንዲህ ነው፤ እንባ አለው» አለኝ።

ከዚያማ ተበላ! አንድ ሰው አልቀረም። አለልኝ ሁለቴ አስጨመረና «ዛሬስ ወጡ ልዩ ነው፤ አበሳሰሉ ይሆን?» አለ። ቄሱም ባረኩ፣ ጸሎቱም ደረሰ፣ የብርቄ ስም በሁሉም አፍ ተጠራ። ለዚህ ነበርና ፒፓዬን የሰጠሁት፣ በዚህ አልከፋኝም። ከግቢው ሰው ሁሉ ከዚያ እሳት ያልበላው ሰይድና ከሱ ጋር የመጣው ብቻ ነው።

እንግዳው ተሸኝቶ ሲያልቅ አቶ ጥሩነህ ወደ ኋላ ቀረ። ጋቢውን አስተካከለ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አያ መላኩ፣ ያቺ ለስላሳዋ… ተርፋ ይሆን? ይቺ ጥርሴ እንቅልፍ ነሳችኝ።»

ቀልዱን ነው ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ጉንጩ እውነትም አብጧል።

«ትምባሆዋስ አለች» አልኩት። «የምትስብባትን ግን ጠዋት ወጥ ሠርተንባት በላችኋት።»

አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። የሚያፍር መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያ ቆንጠር አድርገህ ስጠኝ፤ በጥርሴ እይዛታለሁ» አለኝ።

ሰይድ ከራሱ እሳት አጠገብ ሆኖ ያየናል። ምን ላድርግ? ነገ ስሞት ሬሳዬን የሚሸከመው ይኸው ትከሻ ነው፤ ከብርቄ ጎን የሚያስቀብረኝም ይኸው ማኅበር ነው። ገብቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ፣ በጣቴ ቆነጠርኩ፣ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ወዲያው ጎረሳት። ሙሴያችን «ነፍስ ይማር! ነፍስ ይማር!» እያለ፣ እያኘከ፣ በጓሮ በር ወጣ።