ስም ያለው ድንጋይ አምጡ

ለመሆኑ ሰው የድንጋይን ስም ባያውቅ ምን ይጎድልበታል? እኔ እስከማውቀው ምንም። ድንጋዩም በስሜ አልጠራችሁኝም ብሎ አያኮርፍም። የማስተማሪያ መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም ነበር። የሁለተኛ ክፍል ልጆች የስምንት ድንጋዮችን ስም ለይተው ማወቅ አለባቸው ይላል። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔም ከማሠልጠኛ ወጥቼ ከሚሴ የተመደብኩ ጀማሪ አስተማሪ ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ በእጄ ነበር። ሌላውን እናንተ ሙሉት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ግራናይት፣ ባዛልት፣ ኳርትዝ እያልኩ አስጮኽኳቸው። ልጆቹ ለዚህ ማን ብሏቸው። ቁርአን ቤት በቃል መያዝ ለምደዋል፤ ወዝወዝ እያሉ በዜማ ያወርዱታል። ከደጅ ሆኖ ለሰማ ሰው አገሩ በሙሉ ሊቅ የሆነ ይመስላል። በሳምንቱ መጨረሻ እስቲ ግራናይት የቱ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። አልፈረድኩባቸውም፤ ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ ስም ያለው ድንጋይ ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። የዚያን ቀን ማታ በራሴ ብልሃት እየተደነቅኩ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ድንጋይ ያልያዘ የለም። አንዱ የእናቱን መጅ አምጥቷል። እናትየው ማሽላውን ፈጭታ አልጨረሰችም ነበርና ተከትላው መጥታ በር ላይ ቆመች፤ ቶሎ አስተምረህ መልስልኝ አለችኝ። ሌላው ከሦስቱ ጉልቻ አንዱን ነቅሎ መጥቷል። በሁለት ጉልቻ ድስት ስለማይቆም የእሱን ትምህርት አሳጥሬ ከምሳ በፊት ሰደድኩት። ከባቲ ገበያ የተገዛ ስባሪ አሞሌ ጨው ያመጣም ነበር። ጥሩ ማስተማሪያ ይሆን ነበር፣ ተራው እስኪደርስ ክፍሉ ልሶ ጨረሰው እንጂ። መጁን አንስቼ ይህ ባዛልት ይባላል ስል ባለመጁ ልጅ በሐዘኔታ አየኝ። ይህን ያህል ተምሮ መጅ አያውቅም ብሎ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ከድጃ መጣች። ከድጃ የጨፋው ገበሬ የሙሄ ልጅ ናት። በክፍሉ ካሉት ሦስት ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች፤ አባቷም ለትምህርት የሰጠኝ ከስንት ልመና በኋላ ነው። ያውም አንድ ነገር ካመጣችሁብኝ ያን ዕለት አስቀራታለሁ ብሎ። እሷና ጓደኛዋ ግልገል በግ የሚያህል ነጭ ድንጋይ በአህያ ጭነው መጡ። ጥርት ያለ ኳርትዝ ነው። በጣም ደስ አለኝ። አጥቤ፣ ስሙን ጽፌ፣ መስኮት ላይ ጎለትኩት። እናንተ ቤት ማን ይባላል ብላት፣ የሰይድ ድንበር አለችኝ። አባቷ ከልጆቹ ስም ይልቅ የእሱን ስም አብዝቶ እንደሚያነሳም ጨመረችልኝ።

ሙሄና ጎረቤቱ ሰይድ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በድንበር ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዱላ ከተማዘዙ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ያስታረቃቸው ያንን ድንጋይ ተክሎ ነው። ዝናቡ መሬቱን ስላላላው ልጆቹ በቀላሉ ፈነቀሉት። ስም ያለው ድንጋይ አምጡ ያልኩት እኔ አይደለሁ?

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ዱላቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ ደጅ ደረሱ። ድንበሩን የነቀልከው አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ይባባላሉ። ወጥቼ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋዩ ከመስኮቱ ላይ ይታያቸው ነበር። ሙሄ ድንጋዩን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከነገ ጀምሮ ከብት ትጠብቃለች አለኝ። ከድጃ አላለቀሰችም። ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች። እኔ ነኝ ማልቀስ የቃጣኝ።

ድንጋዩን ወደተከሉት ሽማግሌ ወደ ሼህ ኡመር ሮጥኩ። ሼሁ ነገሩን ሰሙና፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ታውቃለህ አይደል አሉኝ። አውቃለሁ፣ የትኛውን ድንጋይ ልሸከም አልኳቸው። መመለስ ያለበት ድንጋይ እያለልህ ሁለት ጊዜ ምን ያደክምሃል አሉኝ።

እንግዲህ ከከሚሴ እስከ ሙሄ ማሳ በጫንቃዬ ተሸከምኩት። ኳርትዝ ጠንካራ መሆኑን መጽሐፉ ጽፏል። ክብደቱን ዘሎታል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "አካም፣ ነጋ?" ይለኛል፤ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። እኔም አጎንብሼ "ነጋ" እላለሁ። በዚያ ሁኔታ ሰላም ነው ማለት ለሰው ይከብዳል።

ከሼሁ ጋር ማሳው ደርሰን ከሙሄና ከሰይድ እግር ሥር ስወድቅ ሁለቱም ለአላህ ብለን ትተናል አሉ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ድንጋዩ የሚገባበት ጉድጓድ ሁለት ሆኖ ጠበቀን። አንዱ ከሰይድ ማሽላ ውስጥ ገባ ብሎ ተቆፍሯል፤ እሱን ሙሄ ይኸው ይላል። ሌላው ከሙሄ ጤፍ ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰይድ ይኸው ይላል። የድሮው የት ገባ? ቆፋሪዎቹ አፈር አልብሰውት ይሆናል። ሼሁም ድንጋዩን ከተከሉት ብዙ ዓመት ሆኗቸው ቦታውን በትክክል አያስታውሱትም። አልጠየቅኩም፤ ድንጋዩ ገና ጫንቃዬ ላይ ነበር።

ሼሁ ማንንም አላስማሉም። በማሳ ጠብ አንዱን ሰው በውሸት መሐላ ጀሀነም መስደድ አልፈለጉም። ወይም ሁለቱን። ይልቅ ከድጃን ጠርተው ከየት ነው የነቀልሽው አሏት። ልጅቱ አባቷን አየች፣ ሰይድን አየች። ከአንዱ ጉድጓድ ተነስታ እስከ ሌላው ቀስ ብላ ሄደች። ከዚያ ትንሽ ተመለሰችና ተረከዟን መሬት ላይ ተከለች።

"እዚህ ነው" አለች።

ተሳስታለች አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ሁለታችሁንም ካስከፋ ቦታው እሱ ነው" አሉ ሼህ ኡመር። "ልጅ አይዋሽም። በሉ ፋቲሃ።"

ድንጋዩ ተተከለ፤ ጫንቃዬም አረፈ። ሼሁ እጃቸውን ከድጃ ራስ ላይ ጭነው ዱአ አደረጉላት፤ እውነት የያዘችን ልጅ ከትምህርት ያስቀረ ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው አሉ። ሙሄ መሬት መሬት እያየ እንዳሉ ይሁን አለ።

ሰኞ ከድጃ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ነገሩ ከንክኖኝ ስለነበር ለብቻዋ ጠራኋት። ያን ሁሉ ሰውና ከብት ረግጦት ቦታውን እንዴት አስታወስሽው አልኳት።

"አላስታወስኩትም ጋሼ" አለችኝ። "ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ አሥራ ስምንት ርምጃ ነው። ዘጠኙ ላይ ቆምኩ።"

ለሼህ ኡመር አልነገርኳቸውም። በድንጋይ ስም ፈተና ከስምንቱ ያወቀችው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱን ሰጠኋት። በሒሳብ ግን ሳልፈትናት መቶ ሞላሁላት።