እትዬ በምናወቅህና የፀጉር አስተካካዩ ክንድ

የትም ሰፈር ይሁን፣ የሰው ወሬ ሳያጣሩ የማያሳልፉ አንዲት መምህርት አይጠፉም። ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ተረቱን ወደ ጎን አድርገው ስለ እውነተኛ ነገር ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩት ክብርት መምህርታችን፣ "በምን አወቅህ?" ያላሉት ሰው ስለሌለ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ እትዬ በምናወቅህ ሆነው ቀሩ። ዳይሬክተሩ "ዛሬ ሊዘንብ ነው" ቢሉ እንኳ መስኮት ከፍተው ሰማዩን ካላዩ አይቀበሉም።

የጥያቄው ዋነኛ ሰለባ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሲያወራ ማንም አይሞግተውም፤ አንገቱን ለምላጭ የሰጠ ሰው ምን አፍ አለው? ቤቱ ሲገባ ግን የእትዬ ተማሪ የሆነችው ልጁ ትጠብቀዋለች።

"አባዬ፣ በምን አወቅህ?"

"ከአባቴ ሰምቼ ነዋ!"

"እትዬ ‘የተሰማ ሁሉ አይጻፍም’ ብለዋል።"

ወይ ጉድ!

ሆዱን የሚበላው ግን ሌላ ነበር። ልጅቷ አንድ ገጽ እንኳ ጽፋ ጨርሳ አታውቅም። በትምህርት መዝጊያው ቀን በወላጆች ፊት የራሷን ጽሑፍ ካላነበበች ክፍል መድገሟ ነው። እትዬ ዘንድ ሄዶ ጽሑፉን እንዲተዉላት ለመነ።

"ምን ታውቅና ትጽፋለች? ውሎዋ እኔ ፀጉር ቤት ነው።"

"እንግዲያው ከዚያው ትጀምር። ለደንበኞችዎ አዘውትረው የሚሉት ምንድን ነው?"

"የተላጨ ፀጉር ወፍሮ ይበቅላል።"

"በምን አወቁ?"

እልህ ያዘው። ፀጉር ቤቱ ተመልሶ የግራ ክንዱን ሙልጭ አድርጎ ላጨና ልጁን "ጠብቂ፣ ጫካ ነው የሚሆነው!" አላት። ልጅቷም ክንዱን በአጉሊ መነጽር ስትመረምር፣ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ቆዳ የሚናገር መጽሐፍ ተውሳ ስታነብ ከረመች። ደንበኞች ሳይቀሩ "እስቲ ዛሬስ?" እያሉ እጅጌውን ይሰበስቡ ጀመር።

በመዝጊያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ መድረክ ላይ ወጣች።

"አባቴ የተላጨ ፀጉር ይወፍራል ይላል" ብላ ጀመረች። "መጀመሪያ ስነካው ይሻክር ነበር። መጽሐፉ ጫፉ ስለተቆረጠ ነው ይላል። ሲያድግ ግን ከቀኝ ክንዱ ጋር አነጻጸርኩት፤ ያው ነው። አባቴ ተሳስቷል። አባዬ፣ ተነስና አሳያቸው!"

ተነሳ። እጅጌዎቹን ሰብስቦ ሁለቱንም ክንዶቹን ወደ ላይ ዘረጋ።

"ልክ ናት! ተሳስቻለሁ!" ብሎ ጮኸ። ጭብጨባውንም የጀመረው ራሱ ነው፤ በሽንፈቱ እንዲህ የኮራ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ሲወጡ እትዬ በምናወቅህ በሩ ላይ እጁን ጨበጡት።

"ጥሩ አባት ነዎት" አሉት።

ሳቁ አመለጠው። "በምን አወቁ?"

"ክንድዎን አይቼ" አሉት።