የቅንጣት ሊቅ

ቡና አልወቅጥም ስላልኩ ከዲላው የቡና ምርመራ ቤት ተባረርኩ።

እናንተ ብትሆኑ ትወቅጡ ነበር? አዲሱ አለቃችን፣ ዶክተሩ፣ ባሕር ማዶ የተማሩት ስለ ቅንጣት ነው ተባለ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ቢሆንም፣ የቡና ቅንጣት ምን እንደሆነች ግን አውቃለሁ። ታዲያ እኚህ ሰው ለእንግዳ ሲያወሩ፣ «ቅንጣት ሲሰነጠቅ የሚወጣው ኃይል ከተማ ያቃጥላል» ማለታቸውን በጆሮዬ ሰማሁ። በማግስቱ ከአሪቻ የመጣ ቡና ለቅምሻ ተቆልቶ ቀረበና «ውቀጥ» አሉኝ። ልጆቼ የሚኖሩት ከአጥሩ ማዶ ነው። ዘነዘናውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ጌታዬ፣ ይማሩኝ፤ ዲላን አላቃጥልም።»

አባረሩኝ።

ደጅ ስጠና ከርሜ አንድ ቀን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ቅንጣት በዓይን አይታይም። ስለ ቡና አንዳች አላውቅም። የሾሙኝም እንዳንተው ተሳስተው ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

ግራ ቀኝ አዩ። «ከቤተ መንግሥት የመጣ ሹመት ይመለሳል እንዴ? ዝም በል አንተ ሰው።»

ከተማ የሚያቃጥል ነገር ያላስፈራቸው ሰውዬ ላብ በላብ ሆነዋል። ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ ወዲህም ስወቅጥ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ማን ይታመናል? አፌን እንድይዝ ብለው ወደ ሙቀጫዬ የመለሱኝ ኅዳር 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።