በፈረቃ የተጎበኘ አውሮፓ

ለሽርሽር ሄደውም ፈረቃ የሚገቡ ባልና ሚስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ሊቶኒያ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጋሽ ደረጀ ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ሚስታቸው እትዬ ሙሉ ማታ አረጋውያን ሊንከባከቡ ነርሲንግ ሆም ይገባሉ። ልጆቻቸውን ለሞግዚት ላለመስጠት እንዲህ እየተፈራረቁ አሳደጉ። ልጆቹም ሥራ ሲይዙ የሰሜን አውሮፓ የመርከብ ሽርሽር፣ ክሩዝ ላኳቸው።

ሲመለሱ ፎቶ ሊያሳዩን መጡ። ኮፐንሃገን ላይ ጋሼ ብቻቸውን፣ ስቶክሆልም ላይ እትዬ ብቻቸውን።

«አብራችሁ አልወረዳችሁም እንዴ?» አልኩ።

«ሻንጣውን ማን ይጠብቅ?» አሉ ጋሼ፣ መርከቡን ሌባ የከበበው ይመስል።

ሳቄን ዋጥኩት። ግን እስቲ አስቡት፤ በር ላይ ብቻ ሲተላለፉ የኖሩ ሰዎች አብሮ መዋልን ከየት ይልመዱት?

የኖርዌዩ ፎቶ ላይ ግን ሁለቱም አሉ፤ መርከቡ ጫፍ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበዋል።

«ይሄስ?»

«እዚያ በሰመር ፀሐይ አትጠልቅም» አሉ እትዬ። «ማታውን እኔ ልጠብቅ ብል ማታ የለም። የማን ተራ እንደሆነ ሲጠፋን ክፍሉን ቆልፈን ወጣን።»

«ከዚያስ? ምን አወራችሁ?»

«ምን ይወራል፣ ትከሻዬ ላይ ተኛ» አሉ፤ ትናንት የተሞሸሩ ይመስል ፊታቸው በርቶ። «ለካ ያንኮራፋል።»