ጋቢና የተቀመጠ ዳኛ

ሰው በሚያውቀው ነገር የሚጠየቅበት ዘመን አልፏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ከልጅነቴ እስከ ሽበቴ የደከምኩት በዜማና በቅኔ ነው። ታዲያ ባለፉት ዓመታት «የኔታ፣ ይህ ቅኔ እንዴት ይፈታል?» ብሎ ደጄን የመታ ሰው አላስታውስም። ስለ ወሰን ክርክር፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ግን ሳልጠየቅ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ጢም ሲነጣ ዕውቀት አብሮ የሚበቅል ይመስላቸዋል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለተማሪው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ጠምጥሞ ለተቀመጠውም ኖሯል። ጥምጥም አንዴ ራስ ላይ ከወጣ በኋላ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፍ ለመውጣት እጅግ ይከብዳልና። አንባቢዬ አይፍረድብኝ፤ ይህን ሁሉ የምለው መኪና አስመርጠውኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሳሙኤልና ሚስቱ ሰብለ ልጅ አጥተው ብዙ ዓመት ኖሩ። ባለቤቴ አስካለ «ልጅ ብትሰጣቸው፣ ክርስትና በሚነሣበት ቀን ጥላ በእጄ ይዤ ደጅህ እቆማለሁ» ብላ ለጊዮርጊስ ተሳለች። ስለቷ ሠመረ፤ ሴት ልጅ ተወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይገፋም።

መከራው የአስካለ ወገብ ነው። ባለፈው ክረምት ከደረጃ ወድቃ ዲስኳ ከተንሸራተተ ወዲህ፣ ከቤታችን ከአፍንጮ በር እስከ ምኒልክ አደባባይ፣ እስከ ጊዮርጊስ ደጅ ያለችው አጭር መንገድ ለእሷ እንደ ኢየሩሳሌም ራቀቻት። አንድ ቀን በሚኒባስ ታክሲ ሞክራ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሟም «መንገጫገጭ የሚባል ነገር እንዳይደርስብሽ» አላት። በዚህ ከተማ እየኖሩ አለመንገጫገጭ እንዴት እንደሚቻል ግን አልነገራትም። እንግዲህ ሳሙኤል ከክርስትናው በፊት መኪና ሊገዛ የተነሣው እናቱን ከስለቷ ደጅ ለማድረስ ነው።

ሁለት መኪኖች ተገኙ። ሁለቱም አጠር ብለው ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ትንንሽ ኤስዩቪ የሚሏቸው ናቸው፤ አንዷ ግራጫ፣ አንዷ ነጭ መሆኗ ባይለያቸው መንታ ይመስሉኝ ነበር። ሳሙኤል ግራጫዋን ወደደ። መሪዋ ታዛዥ ነው፣ ኩርባ ላይ መሬት ትቆነጥጣለች፣ በአትክልት ተራ በኩል ስናልፍ ጎመን የተሸከመ ሰው ድንገት ቢገባብን በጊዜ ትቆማለች ይላል። ሰብለ ደግሞ ነጯን ወደደች። ወንበሯ በብርድ ይሞቃል፣ በሙቀት ይቀዘቅዛል፣ ወገብም ያሻል፤ ጣሪያዋ መስታወት፣ ስክሪኗ የቤታችንን ቴሌቪዥን የሚያህል ነው። «እማማን የምንወስዳት ለእሽቅድምድም ነው?» አለችው። «ሳንጋጭ ለመድረስ ነው» አላት። አራታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረውና ነገሩ ከማዕድ ደረሰ። ሰብለ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ እኔን «አባባ፣ ለሳሙኤል ጨው ያቀብሉልኝ» ማለት ጀመረች። ጨውም በእኔ እጅ ዞሮ ሄደ።

በመጨረሻ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ተገኘ፤ «አባባ ይፍረዱ» አሉ።

እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም። የማውቀው መሪነት የማኅሌቱን ብቻ ነው። ታዲያ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ አይደለም? ነበረብኝ። ግን ልጄ ያየኛል፣ ምራቴ ታየኛለች፣ አስካለም ከአልጋዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» ማለት ይህ ነው። «መርምሬ እፈርዳለሁ» አልኩ።

መኪኖቹን የሚያሻሽጠው ደላላ ፒያሳ ያደገ፣ ምላሱ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። የግራጫዋን በር ከፍቶ «ፋዘር፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። ሌላ ወዴት ልግባ? በእኛ ሰፈር ሽማግሌን ከኋላ ማስቀመጥ ሙሽራን በጓሮ በር እንደ ማስገባት ይቆጠራል። ሳሙኤል መሪውን ያዘ፣ ደላላው ከኋላ ሆነ፣ እኔም መቋሚያዬን በጉልበቶቼ መካከል ተክዬ ተጓዝን። አስካለን አላመጣናትም፤ ለሙከራ ተብሎ የታመመ ወገብ አይንገላታም።

ግራጫዋ እንደ ተመሰከረላት ናት። «ፋዘር፣ ይቺ ገና ሲያስቧት አቤት ትላለች» አለ ደላላው፤ አልዋሸም። ነገር ግን የተቀመጥኩበት ወንበር ከድንጋይ የተጠረበ ይመስላል። አደባባዩን ስንዞር በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ያገኘነው ጉድጓድ ሁሉ በአከርካሪዬ በኩል እየተሳለመኝ አለፈ። እኔ «እግዚኦ መሐረነ» እላለሁ፤ ደላላው ከኋላ እግሩን አነባብሮ በስልክ ስለ አንድ ቪላ ይደራደራል። ቃሉ አልተቆራረጠም፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። «የዚህ ሰው ሥጋው በድለላ ደንድኗል» ብዬ በልቤ ታዘብኩት።

ነጯ ግን ሌላ ዓለም ናት። ወንበሯ እንደ ናፈቀ ዘመድ አቅፎ ተቀበለኝ። ጥቂት እንደ ሄድን አንድ እጅ ከኋላዬ ወገቤን ያሸኝ ጀመር። የደላላው እጅ መስሎኝ ዘወር ብዬ «አንተ ሰው፣ ሥርዓት ያዝ!» ብዬ ገሠጽኩት። «ፋዘር ሙት፣ እኔ አይደለሁም፤ ወንበሩ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሩ ላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ወደ መስታወቱ ጣሪያ አቅንቶ፣ እንደ ባሕታዊ ጸጥ አለ። ይህም ለእኔ ታላቅ ምልክት ሆነልኝ። ደላላ ዝም የሚለው ዕቃው ራሱ ሲናገር ነው ብዬ ተረጎምኩት። ኩርባ ላይ ነጯ ጠጅ ቤት እንዳመሸ ሰው ዘመም ማለቷን ያየሁ ቢሆንም፣ ወገቤ እየታሸ ስለነበር ነቀፋዬ ለዘብ አለ።

እንዲያም ሆኖ ዕረፍት አላገኘሁም። ፍርዱን ለመስጠት ቀጠሮ በያዝኩበት ሳምንት፣ ማኅሌት ቆሜ መቋሚያዬን ሳነሣ የማስበው ፍሬንና ኩርባ ነበር። ግራጫዋን ብመርጥ፣ አስካለ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሳትደርስ ወገቧ ይሰበርና ስለቷ እዳ ሆኖ ይቀራል። ነጯን ብመርጥ፣ ቁልቁለት ላይ ስትዘም ሕፃኗ በውስጧ አለች። ካህናቱ በዝማሜው ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ እኔ ወደ ግራ ዘመምኩ። አጠገቤ የቆሙት መሪጌታ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። በዚህ ዕድሜዬ መጎሰሜን ያየ ፍርዴን ይጠብቅ ነበር?

በጉባኤ ቤት ልማድ ነገሩን በአንድምታ ፈታሁት። ምቾት ማለት አንድም የወንበር ልስላሴ ነው፤ አንድም በሰላም መድረስ ነው፤ አንድም ባልና ሚስት ጨው ያለ ሽማግሌ ሲቀባበሉ ነው። አንድምታው እየበዛ፣ ፍርዱ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ የገዛ ወገቤ የመሰከረውን ይዤ «ስለ አስካለ ሕመም ስል ነጯ ትገዛ» አልኩ። ሰብለ ጉልበቴን ሳመች። ሳሙኤል «አባባ ካሉ አበቃ» አለ፤ መንጋጋው ግን አላበቃም ነበር።

የክርስትናው ዕለት ጎሕ ሲቀድ መኪናዋ ከበራችን ቆመች። እኔ ካባዬን ደርቤ፣ አስካለ ጥላዋን ይዛ፣ ሰብለ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣን። በጋቢናው ነገር ማንም አልተከራከረም። እንዲያውም ጠንከር ብላ የተናገረችው አስካለ ናት፤ «የኔታ ከኋላ ሊቀመጡ? ነውር ነው» አለች። እሷም ጎንበስ ብላ፣ በሰብለ ተደግፋ፣ ከኋላ ገባች።

ከሰፈራችን ድንጋይ ንጣፍ ሳንወጣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፤ የተዋጠ ትንፋሽ ነው። ዘወር ብዬ አየኋት። አስካለ መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ወደ መስታወቱ ጣሪያ አቅንታ፣ ጸጥ ብላለች።

የደላላው ዝምታ ያን ጊዜ ተፈታልኝ። ለካስ ያ ሁሉ ልስላሴ፣ ያ ሁሉ ሙቀትና ማሸት ለጋቢናው ብቻ የተሠራ ነው፤ የኋላው ወንበር ግን እንደ ጋሪ ያነጥራል። መኪናዋ የምትገዛላት ሴት የምትቀመጥበትን ቦታ እኛ ሁላችን አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተቀመጥንበትም። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ወንበሬ ወገቤን ማሸት ጀመረ። «አጥፋው» አልኩ ሳሙኤልን፤ በድንጋጤ ሌላ ነገር ነካና ይሞቀኝም ጀመር።

ሳሙኤል መኪናዋን አቆመ። ሰብለ «የእኔ ጥፋት ነው» ብላ አለቀሰች። ሳሙኤል «ብዬ ነበር» ለማለት ሙሉ መብት ነበረው፤ አላለም፤ እጇን ብቻ ያዘ። ሕፃኗ ተኝታለች። እኔ ላቤ በካባዬ ሥር እየወረደ «አስካለ፣ እንመለስ፤ ጥላውን እኔ አገባልሻለሁ» አልኩ። «በእጄ ብዬ ነው የተሳልኩት» አለች። ትንፋሿን ሰብስባም በትዳር ዘመናችን ሁሉ አዝዛኝ የማታውቀውን ትእዛዝ አዘዘችኝ፤ «የኔታ፣ ይውረዱ» አለችኝ።

ወረድኩ። እሷ ጋቢና ገባች፣ እኔ ከኋላ። በዚያ ሰዓት ጎረቤታችን ሐጂ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ደርሰው መስኮቱን ዝቅ ብለው ተመለከቱና «የኔታ፣ ምነው ደኅና አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። ከኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። «ተመስገን» ብዬ መያዣውን ጨበጥኩ።

ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ሳሙኤል እንቁላል እንደ ጫነ ሰው በዝግታ ነዳ። ያም ሆኖ ጥምጥሜ ከመስታወቱ ጣሪያ ጋር ደጋግሞ ተዋወቀ። ነጯ ኩርባ ላይ በዘመመች ቁጥር የሰብለን ክንድና ሕፃኗን በትከሻዬ እደግፋለሁ። አስካለ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም፤ ነፍሴ ተጨነቀች። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ «ሳሚ፣ ይቺ የምታሸው ነገር ጠንከር የምትልበት አላት?» አለች።

ጥላውን ራሷ ይዛ ገባች። የልጅቱ የክርስትና ስም ሲጠራ ያለ ደጋፊ ቆማ ሰማች። የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ስንመለስም፣ ከዚያ ወዲህም፣ ጋቢናው የአስካለ ሆነ። በሰፈሩ «የኔታ ክብራቸውን ለሚስታቸው ለቀቁ፤ ትሕትና ማለት ይህ ነው» ተባለ። እውነቱን እናገራለሁ ስል ሰው አስቀድሞ ጉልበቴን ይስመኛል፤ መናገሩ ይቀራል።

በቀደም ታዲያ ሐጂ ከደጄ ደረሱ። የበኩር ልጃቸው ከሁለት ትንንሽ ኤስዩቪዎች አንዷን ሊገዛ ኖሮ፣ አንዷ በመሪዋ፣ አንዷ በምቾቷ እየሳበችው ተቸግሯል። «የኔታ አንድ ጊዜ መርጠዋልና ያውቁታል» አሉኝ።

«ሐጂ፣ አላውቅም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ቀለለኝ! «የመሪውንም የወንበሩንም ነገር አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት፤ ደላላውን ከኋላ ያስቀምጡት። ካወራ ይግዙ። ዝም ካለ ግን ወርደው በእግርዎ ይመለሱ።»